ለገብረ ክርስቶስ የተሰጠ ፓምፕ

መጀመሪያ የሰማሁት ሳሉን ነው። ሦስት ጊዜ ደህና አድርጎ ይመታል፤ በአራተኛው ጉሮሮው ላይ የዓሣ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው እህ ይላል። ደግሞ ሦስት ጊዜ፤ ደግሞ እህ። ከሐይቁ ዳር ካለው ደንገል ጀርባ ነበር የሚመጣው። ነፋሱ ወደ ሐይቁ ሲያጋድል ይጠፋል፣ ወደ እኛ ሲመለስ ይመለሳል።

የያዝሁትን ጨርቅ ጥዬ ከግምጃ ቤቱ ወጣሁ። ያን ሞተር ከሺህ ሞተር መካከል እለየዋለሁ። ሰባት ወር ሙሉ ዘይቱን የለወጥሁለት፣ ካንዴላውን የጠረግሁለት እኔ ነኝ። ቀዩ የውኃ ፓምፓችን ነው። ከጠፋ አምስት ቀኑ።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ነበር። ፓምፑ እስከ አሥር ሰዓት ካልተገኘ አያ ክንዱን ፖሊስ ይወስዳቸዋል።

አያ ክንዱ የግቢያችን ዘበኛ ናቸው። ግቢው ከዘንዘልማ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ነው፤ የእንግዳ ማረፊያ ፎቅ ይሠራበታል። ከዚያ በፊት የጤፍና የጓያ መሬት ነበር፤ ግማሹ የእሳቸው። መሬቱ ለግንባታ ሲከለል ከደንገሉ ጥግ አንዲት ቁራጭ ማሳ ቀረችላቸው፤ እሳቸውም በገዛ መሬታቸው ላይ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ሲያወሩት አያማርሩም። ድሮ በሬ እጠብቅ ነበር፣ አሁን ሲሚንቶ እጠብቃለሁ፣ ሲሚንቶ እንኳ የሰው ማሳ አይገባም ይላሉ።

እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በላይ ነጥቤ አልወሰደኝም። አባቴ መሪጌታ ስለሆኑ ጥዑመ ልሳን ብለው ሰየሙኝ፤ ልሳኔ ግን ለዜማም ለወሬም አልሆነም። አያ ክንዱ ልጃቸው አበራ ያመጣላቸውን ምሳ ይዘው ከግምጃ ቤቱ ጥላ ሥር ይቀመጡና፣ «ቃል በቀን አንድ ነው የምታወጣ። ቆጥበህ ለማን ልታወርሰው ነው?» ይሉኛል። እስቃለሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ እኔን የሚያነጋግር ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ግራይንደርና ቫይብሬተር ጠፍቶበት ነው የተባረረው። እኔ ስመጣ ሥርዓት አበጀሁ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ከቆርቆሮ ቅራጭ ቁጥር የተበሳበት መለያ ሠራሁ። ዕቃ የሚወስድ ሰው በመስኮቷ በኩል መለያውን ያቀብለኛል፤ ስሙን መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፤ ቆርቆሮውን ዕቃው በነበረበት ምስማር ላይ እሰቅላለሁ። ማታ ቆርቆሮ ያንጠለጠለ ምስማር ካለ፣ ማን ዕቃ እንዳልመለሰ አውቃለሁ። በሩ ላይ በገዛ እጄ ጻፍሁ፤ «ያለ መለያ ዕቃ አይሰጥም።» ፓምፑንማ በምሳ ሰዓት እንኳ ውጭ አልተወውም ነበር፤ አስገባዋለሁ፣ ከምሳ በኋላ ይወጣል። አያ ክንዱ ደግሞ ማታ በሩ ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ሰው ጋቢ ያስገልጣሉ፣ ምሳ ዕቃውን ያስከፍታሉ። ምሳ ዕቃው ከከበዳቸው፣ ሽሮ ነው ወይስ መዶሻ ነው የበላኸው ብለው ይጠይቃሉ። በሰባት ወር አንድ አካፋ አልጠፋብንም።

አጥራችን ግን በሦስት በኩል ብቻ ነው። በአራተኛው በኩል ሐይቁ አለ። ሐይቁ ራሱ አጥር ነው ተባለና ቀረ።

አሁን የምናገረውን እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ለማንም አልተናገርሁም። ግምጃ ቤቱ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ በሩን ከዘጋሁትና የመስኮቷን መዝጊያ ካወረድሁት ድቅድቅ ጨለማ ነው። በሐይቁ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አንድ የምስማር ቀዳዳ አለ። ቀትር ላይ ብርሃኑ በዚያች ቀዳዳ ይገባና ትይዩ ባለው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ሐይቁን ይሥለዋል። የተገለበጠ ሐይቅ፤ ውኃው ከላይ፣ ሰማዩ ከታች። ደንገሉ ወደ ታች ያድጋል፣ ወፎቹ በጀርባቸው ይበራሉ። በምሳ ሰዓት ከአያ ክንዱ ጋር ከበላሁ በኋላ፣ ሌላው ሲጫወት እኔ እዚያ ውስጥ ተቀምጬ ያንን አያለሁ። ምን እንደማስብ አላውቅም። ጊዜው ብቻ ያልፋል።

ሐሙስ እንደዚያ ሆኜ ሳለሁ መስኮቷ ተንኳኳች። መዝጊያዋን በጥቂቱ ከፍ አደረግሁ፤ ብርሃኑ ብዙ ከገባ ሥዕሉ ይጠፋል። ሁለት እጆች ገቡ፣ እስከ ክንድ ድረስ ጭቃ የለበሱ። ፓምፑን አለ የታፈነ ድምፅ። መለያ አልሁት። ኮቴ ውስጥ ረሳሁት፣ አሁን አመጣልሃለሁ አለ። ስም አልሁት። እጆቹን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ፤ ከዚያ፣ «ገብረ ክርስቶስ» አለኝ። ጻፍሁ። ፓምፑን በበሩ ገፋሁለትና ፊቱን ሳላይ ተመልሼ ተቀመጥሁ። አንድ ነገር ብቻ አይቻለሁ፤ የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ የታጠፈች ናት።

ጥቂት ቆይቶ በከረጢቱ ላይ አንዲት ታንኳ አለፈች። ተገልብጣ። ቀዛፊው በራሱ ተዘቅዝቆ ይቀዝፋል፤ መሐሏ ላይ እንደ ፍም የሆነ ቀይ ነገር አለ። እንዴት ያምራል አልሁ በልቤ።

ፎርማኑ መጥቶ ፓምፑስ ሲለኝ ነው ከረጢቱ ላይ ያየሁት ምን እንደሆነ የገባኝ።

ለሐይቅ በቀረበ መሬት ላይ ፓምፕ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የመሠረቱ ጉድጓድ ከሥር ውኃ ያመነጫል። አርብ እስከ ጉልበት ሞላ፣ ቅዳሜ እስከ ወገብ። ፌሮው ውኃ ውስጥ ሰጠመ። የቀን ሠራተኞቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩታል፤ ሥራ የለም ማለት ነው።

ቅዳሜ ኢንጂነር ሕዝቅኤል መጣ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ከላይም ከታችም ይጮኹበታል። ሁላችንንም አባርሬ ሌላ ሰው አስገባለሁ አለ። ያን ጊዜ ነው አያ ክንዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው የተናገሩት። በአገራችን ከብት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጣል አሉት። የመንደሩ ሰው ሁሉ አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሁሉም በየተራ ያየውን የሰማውን ይናገራል። ጥፋተኛው አንድ ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ድኻ አይባረር አሉ።

ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ዳኛው ራሳቸው አያ ክንዱ ነበሩ። ዱላቸውን ለተናጋሪው ይሰጣሉ፤ ሲጨርስ ይቀበሉታል። አንዱ አላየሁም አልሰማሁም ይላል፣ ሌላው ይምላል፣ አንዱ ተራው ሲደርስ ለሦስት ቀን ጠፍታበት ስለነበረች ፍየሉ አውርቶ አሳቀን። እኔ ዘንድ ሲደርስ ኢንጂነሩ መዝገቡን አንብብ አለኝ።

«ሐሙስ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል፤ ፓምፕ፤ ለገብረ ክርስቶስ» ብዬ አነበብሁ።

በሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ውስጥ ገብረ ክርስቶስ የሚባል የለም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሻይ የምታፈላልን እትዬ አገርነሽ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ገብረ ክርስቶስማ አያ ክንዱ አይደሉም እንዴ? የክርስትና ስማቸው ነው፤ በማኅበራችን የምንጠራቸው በዚያ ነው» አለች። ከዚያ ያለችው ለራሷ ተሰማት። ብርጭቆዎቹ እጇ ላይ ቀሩ።

አያ ክንዱ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ያየሁት። ሰባት ወር ሙሉ አብሬያቸው ስበላ ልብ ያላልሁት፤ የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ የታጠፈች ናት።

ኢንጂነሩ የእርስዎ ስም ነው ወይ አላቸው።

«የክርስትና ስሜ ነው» አሉ።

ወስደዋል ወይ አላቸው። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጠየቃቸው፤ አዎም አላሉ፣ አይደለምም አላሉ። ወደ እኔ ዞረ። የሰጠኸው አንተ ነህ፣ የተቀበሉህ እሳቸው ናቸው ወይ አለኝ። መለያ እንዳልተቀበልሁ፣ ፊት እንዳላየሁ፣ ከረጢት ላይ ተገልብጦ የሚሄድ ሐይቅ ሳይ እንደነበርሁ እንዴት ይነገራል? ደግሞም ያችን ጣት አይቻለሁ። ፈራሁ። ሰው በዝቶብኝ ነበር፣ እኔ የማውቀው መዝገቡ የሚለውን ነው አልሁ።

እስከ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ተባለ። አያ ክንዱ ዱላቸውን ይዘው ወደ በሩ ተመለሱ። እሑድና ሰኞ ምሳቸውን ራሳቸው ከቤት ይዘው መጥተው ብቻቸውን በሉ። ሰኞ ሚክሰሩም ስለቆመ ግቢው ጭር አለ፤ እሳቸውም በልባቸው ያደርሱት የነበረውን ጸሎት ጮክ ብለው ማድረስ ጀመሩ። ጭንቀት ነው አልሁ። እኔ ግን መዝገቡን እየገለጥሁ ያችን መስመር ደጋግሜ አነብ ነበር። ወስደው ከሆነ ወዳጄ ሌባ ናቸው፤ ካልወሰዱ ደግሞ እኔ በዝምታዬ ላሳስራቸው ነው።

ማክሰኞ ያን ሳል ስሰማ ታዲያ በሐይቁ በኩል ወጥቼ ደንገሉን እየሰነጠቅሁ ሮጥሁ። እስከ ጉልበቴ ማጥ ገባሁ። ድምፁ አንዴ ከፊቴ፣ አንዴ ከቀኜ ይሆናል። በመጨረሻ ደንገሉ ሳሳና አንዲት የሽንኩርት ማሳ ታየችኝ። ፓምፑ በውኃው ዳር ጭቃ ተቀብቶ ቆሟል፤ ቀዩ ቀለም በመሐል በመሐል ብቅ ይላል። ጎማውን ይዞ በመስኖው ላይ የጎነበሰው ሰው ቀና አለ። አበራ ነበር፣ የአያ ክንዱ ልጅ። እጁን ውኃው አጥቦታል፤ የወጣት እጅ ነው። ትንሿ ጣት ግን የአባቱ ናት።

አልሸሸም። ሞተሩንም አላጠፋም። አንተ ነህ አለ፤ ከዚያ በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮኸ ነገረኝ። ማሳዋን የሚያጠጡባት የእጅ ጉድጓድ ነበረቻቸው። የእኛ መሠረት መቆፈር ከጀመረ፣ ፓምፑም ቀን ከቀን መሳብ ከጀመረ ወዲህ ጉድጓዷ ደረቀች። ሽንኩርቱ ራስ እየያዘ ነው፤ ሁለት ማጠጣት ብቻ ነው የቀረው፤ ካልጠጣ ድካሙ ሁሉ ለፍየል። እስከ መጪው እሑድ ብቻ፣ ከዚያ በመጣበት በታንኳ እመልሰው ነበር አለኝ። «ውኃዬን የወሰደው ይኸ ነው። እሱው ይመልስልኝ አልሁ።»

ስሙንስ አልሁት።

«ስም ስትለኝ የራሴን ፈራሁ፤ የውሸት ስም ደግሞ አልመጣልህ አለኝ። አፌ ላይ የመጣው የአባቴ ነው። ቄሱና እኛ ብቻ የምናውቀው ስም መስሎኝ።»

አሥር ሰዓት ላይ አባቱን ፖሊስ እንደሚወስዳቸው ስነግረው ጎማው ከእጁ ወደቀ። አያውቅም ነበር። ቤት ውስጥ አንድ ቃል አልተናገሩም። ትናንት ማታ ሽንኩርቱ እንዴት ነው ብለው ብቻ ጠየቁኝ አለኝ፤ እያለቀሰ ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ሐሙስ አበራ ምሳ ይዞ በበሩ ገብቷል፤ በበሩ ግን አልወጣም። በሩ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። መዝገቡን ሳነብ ስሙን ሲሰሙ ማን እንደጠራው አውቀዋል። ጮክ ብለው የሚጸልዩትም ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው፣ ፓምፑ በሚነሣበት ሰዓት፣ ድምፁን ለመሸፈን።

«ሂድ፣ እደርሳለሁ» አለኝ አበራ። «አሥር ሰዓት ሳይሞላ መጥቼ ራሴ እናገራለሁ። አንተ አትናገር። እኔ ልናገረው።»

እሺ አልሁት። ተመለስሁና ጠበቅሁ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ሥዕሉ ከረጢቱ ላይ መጣ፤ አላየሁትም፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥሁ። ስምንት ሰዓት ሆነ። በሐይቁ በኩል ወጥቼ ደንገሉን አያለሁ፤ ማንም አይመጣም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ዞረ። ሦስት ጊዜ፣ እህ። ሦስት ጊዜ፣ እህ። አሁንም ያጠጣል ማለት ነው። እየጨረሰ ነው፣ ሲጨርስ ይመጣል አልሁ። ድምፁ ግን አልቆመም።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ኢንጂነር ሕዝቅኤል ሁለት ፖሊሶች ይዞ መጣ። ሠራተኞቹ ተነሥተው ቆሙ። እትዬ አገርነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዳር ቆመች። አያ ክንዱ ከግምጃ ቤቱ መስኮት አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የድርጅቱን ኮት እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ኢንጂነሩ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቃቸው። ድምፁ እንኳ የሚለምን ነበር፤ «አባቴ፣ ማን እንደወሰደው ብቻ ይንገሩኝ፤ እኔ እርስዎን ማሳሰር አልፈለግኩም» አላቸው።

በዚያ ዝምታ መሐል ነፋሱ መጣና ሳሉን አመጣው። አያ ክንዱ ጸሎታቸውን ጮክ አደረጉ። ከፖሊሶቹ አንዱ ምን እያሉ ነው ብሎ ሳቀ። ሌላው እጃቸውን ያዘ። የያዘው በቀኛቸው ነው።

«አይደሉም» አልሁ በመስኮቷ ውስጥ ሆኜ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ልሳኔ ተፈታ፤ ከዚያ የሚያቆመው ጠፋ። የሰጠሁት እኔ ነኝ አልሁ። መለያ አልተቀበልሁም፣ ፊት አላየሁም፤ ቅዳሜ ዕለት የተናገርሁት ፍርሃት ነው። ሰውየው ፓምፑን በታንኳ ጭኖ በሐይቁ ሲሄድ ጥላውን አይቻለሁ፤ አያ ክንዱ ያን ሰዓት በሩ ላይ ነበሩ፣ የሚመሰክር ሞልቷል። እኔን ውሰዱኝ አልሁ።

ኢንጂነሩ በምን ታውቃለህ አለኝ፣ ፊቱን ካላየኸው እሳቸው አለመሆናቸውን በምን ታውቃለህ።

«እጁን አይቻለሁ። የሽማግሌ እጅ አይደለም፤ የወጣት ነው። ትንሿ ጣቱ ብቻ ናት እንደ…»

አቆምሁ። ግን ወጥታለች።

ፖሊሱ የያዘውን እጅ ቁልቁል አየ። ኢንጂነሩ አየ። እትዬ አገርነሽ ዐይኖቿን ጨፈነች። ትንሿ ጣቱ ምን አለኝ ፖሊሱ፤ እንደ ማን? እንደገና ጠየቀኝ። በግቢው ውስጥ የአያ ክንዱን ምሳ ማን እንደሚያመጣ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

የፖሊሱ እጅ ላላ። ኢንጂነር ሕዝቅኤል መሬት መሬት እያየ፣ እርስዎ ነጻ ነዎት አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ነገ ሥራዎ ላይ ይገኙ አላቸው። ከዚያ ለፖሊሶቹ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ነገራቸው፤ እነሱም ወደ ደንገሉ በኩል ተመለከቱ።

አያ ክንዱ ከድንጋዩ ተነሡ። ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አወጡ። የበሩን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ኮቱን አውልቀው፣ ከላይ እስከ ታች እንደገና ቆልፈው፣ በሥርዓት አጠፉት። ሁሉንም በመስኮቷ በኩል ለእኔ አቀበሉኝ፤ መዝገብ ላይ ዕቃ እንደሚመልስ ሠራተኛ። እጄን ስዘረጋ ጣታቸው ጣቴን ነካች። አያ ክንዱ አልኋቸው። ተመለከቱኝ። በዐይናቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አላገኘሁም፤ ሌላም ነገር አላገኘሁም።

በከፈቱት በር ወጡ። ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ በግራ ነው፤ የሽንኩርቱ ማሳም በግራ ነው፤ ፓምፑም አሁንም በዚያው ይስላል። እሳቸው ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ ወደ አስፋልቱ። ዱላቸውን ድንጋዩ ላይ ረስተውት ነበርና ይዤ ተከተልሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ ከአቧራው ማዶ ጀርባቸው ብቻ ታየኝ። ጠራኋቸው። በክርስትና ስማቸውም ጠራኋቸው። አልዞሩም።